የበረዶው ገደል ማሚቶ

በአውሮፕላን ላይ የሚገጠም የራዳር ከፍታ መለኪያ የተሠራው ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው፤ መሬት ከእኔ ምን ያህል ይርቃል? የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ ነጥሮ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ካለፈው ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል። በባሕርም ሆነ በበረሃ ላይ መልሱ የታመነ ነበር። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ግን ያው መሣሪያ ግራ የሚያጋባ ነገር ያሳይ ጀመር። ከነጩ ሜዳ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚበረውን አብራሪ፣ ገና ብዙ ከፍታ አለህ ይለዋል። ሰማይና ምድር በአንድ ንጣት በሚቀላቀሉበት በዚያ አገር፣ መሣሪያውን አምኖ ዝቅ ያለ ሰው መጨረሻው አያምርም።

የስህተቱ ምክንያት ሲጠና የተገኘው ነገር አስደናቂ ነበር። ሞገዱ የበረዶውን ገጽ አልፎ ይዘልቃል፤ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ሜትር ወርዶ ከታች ያለውን ዐለት ይነካል፤ የሚመለሰውም ከዚያ ነው። አብራሪው የጠየቀው ስለ በረዶው ገጽ ነበር፤ መሣሪያው የነገረው ግን ለዘመናት ፀሐይ ስላልነካው መሬት ነው። በዚያ ላይ የሬዲዮ ሞገድ በበረዶ ውስጥ ከአየር ይልቅ ስለሚዘገይ፣ 1,000 ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በመሣሪያው ላይ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ አየር መስሎ ይነበባል። ለበረራ ጠንቅ የነበረው ጉድለት ለዕውቀት በር ከፈተ። ስህተት ብለን የምንጥለው ነገር አንዳንዴ ላልጠየቅነው ጥያቄ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነው።

ይህን ጉድለት ተከታትለው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤሞሪ ዌይት ነው። ዌይት በወጣትነቱ በአድሚራል ሪቻርድ ባይርድ የአንታርክቲካ ጉዞ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። በ1934 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባይርድ የዋልታውን ክረምት ለብቻው ሊያሳልፍ ከዋናው ሰፈር ርቆ፣ በበረዶ ውስጥ በተቀበረች ጎጆ ተቀመጠ። የጎጆዋ ጭስ ቀስ በቀስ ይመርዘው ጀመር። በሬዲዮ ለጓዶቹ የሚልከው ቃል ግን ደህና ነኝ የሚል ነበር። ውሎ አድሮ የሞርስ ምቱ መንገዳገድ፣ ቃላቱም መቆራረጥ ጀመሩ። በሰፈሩ የቀሩት ጓዶቹ ቃሉን ትተው መንገዳገዱን አመኑ፤ በነሐሴ ወር ዌይትን ጨምሮ ሦስት ሰዎች የዋልታውን ጨለማ አቋርጠው በሕይወት ደረሱለት። ከሃያ ዓመታት በላይ አልፎ፣ ይኸው ሰው በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ምርምር ክፍል ውስጥ ሆኖ የከፍታ መለኪያዎችን መንገዳገድ ሲመረምር እናገኘዋለን። በረዶ የሬዲዮ ሞገድን እንደሚያሳልፍ በሙከራ ካሳዩት ሰዎች መካከልም ስሙ ይገኛል።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ስታንሊ ኤቫንስ፣ በአንታርክቲካ ጠረፍ ካለው የሃሌይ ቤይ ጣቢያ የተገኘ መዝገብ ይመረምር ነበር። መሣሪያው የተተከለው የላይኛውን ከባቢ አየር ለማጥናት ነው፤ መዝገቡ ግን ከሰማይ ብቻ ያልመጣ፣ ጣቢያው ከቆመበት የበረዶ መደብ ሥር ጭምር የመጣ ምልክት እንደያዘ ኤቫንስ አስተዋለ። በ1963 በካምብሪጅ በሚገኘው የስኮት የዋልታ ምርምር ተቋም የበረዶን ውፍረት በሬዲዮ ሞገድ ለመለካት ብቻ የታሰበውን የመጀመሪያ መሣሪያ ሠራ። የተቋሙ ኃላፊ ጎርደን ሮቢን የዚህን ጥቅም ለመረዳት ማስረጃ አላስፈለገውም። እርሱ ራሱ ከ1949 እስከ 1952 በተደረገው የኖርዌይ፣ የብሪታንያና የስዊድን የጋራ ጉዞ ላይ የበረዶን ውፍረት የለካው ፈንጂ እያፈነዳ፣ ንዝረቱ ከዐለት ነጥሮ ሲመለስ እየመዘገበ ነበር። ጉድጓድ መቆፈር፣ ማፈንዳት፣ መመዝገብ፣ ዕቃ ጭኖ ወደሚቀጥለው ነጥብ መጓዝ፤ የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ በካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ነበረች። በአውሮፕላን የተጫነ ራዳር ግን ነጥቦቹን መስመር አደረጋቸው።

የሥራው መሠረት ገደል ማሚቶ ነው። ሞገድ ይለቀቃል፣ ይጠበቃል፣ የተመለሰው ይመዘገባል። በበረዶ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 168 ሜትር ያህል ይጓዛል። 3,000 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 36 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ለአንድ የዓይን ጥቅሻ የሚሆነው ጊዜ ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይረዝማል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሞገዱ ምን አገኘ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ራዳር አያይም። የሚመለስለት የራሱ ሞገድ ነው፤ ደክሞ፣ ዘግይቶ፣ ተለውጦ። የምናውቀውም ከለውጡ ተነሥተን ነው።

ሞገድ የሚነጥረው ደግሞ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲሻገር ብቻ ነው። በረዶ ከአየር ሲገናኝ፣ በረዶ ከዐለት ሲገናኝ፣ በረዶ ከውኃ ሲገናኝ፣ ኤሌክትሪካዊ ጠባያቸው ስለሚለያይ በወሰናቸው ላይ ከሞገዱ ጥቂቱ ይመለሳል። ውኃ ከዐለት ይበልጥ ደማቅና የተስተካከለ ምልክት ይሰጣል። ንጹሕና ወጥ የሆነ በረዶ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ቢወፍርም ምንም አይመልስም። በተቃራኒው፣ እንደ አልፕስና እንደ አላስካ ባሉ ሞቅ ባሉ ተራሮች ላይ ያለው የበረዶ ግግር በውስጡ የውኃ ኪሶች ስላሉት፣ ሞገዱን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ረዘም ያለ ሞገድ መምረጥ ነበረባቸው። ልዩነት የሌለበት ዝም ይላል፤ ልዩነት የበዛበት ይንጫጫል፤ በሁለቱ መካከል ነው መስማት የሚቻለው።

ከዐለቱ በላይ፣ በበረዶው ሆድ ውስጥም ወሰኖች አሉ። በራዳር ምስል ላይ እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ወቅት የበረዶው ገጽ የነበረ ነው፤ በላዩ አዲስ በረዶ እየወረደበት ወደ ታች ሰመጠ። ለምን ይታያል ቢሉ፣ ብዙውን ጊዜ እሳተ ገሞራ ስለፈነዳ ነው። እንደ 1815ቱ የታምቦራ ፍንዳታ ያሉ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች የረጩት ጋዝ ወደ አሲድነት ተለውጦ በሁለቱም ዋልታዎች በረዶ ላይ ወርዷል። አሲድ የነካው በረዶ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍበት መጠን ይለያል፤ ስለዚህ ለሞገዱ ወሰን ይሆናል። ሰማይ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ሰላም ሆኖ ያለፈ ዘመን በዚህ መዝገብ ላይ መስመር የለውም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን የልደታቸውን ዘመን ሲጠየቁ በክፉ ቀን ማግሥት፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ፣ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ይሉ ነበር። እህሉ የበዛበት፣ ከብቱ የረባበት፣ ሰው በዕድሜው የሞተበት ዓመት ስም አልነበረውም። ትዝታም እንደ ራዳር ወሰንን ይፈልጋል። ታሪክ ብለን የተማርነው በአብዛኛው የመስመሮቹ ዝርዝር ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ወፍራም በረዶ፣ ማለትም አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረበት ጊዜ፣ ድምፅ ሳይሰጥ ይታለፋል። የበረዶ ተመራማሪ ግን ባዶ የሚመስለውን ክፍተትም ይለካዋል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ውፍረት በዚያ ዘመን ምን ያህል በረዶ እንደወረደ ይነግረዋልና፣ ስም ያልወጣለት ዘመን በስፋቱ ይመሰክራል።

እነዚህ መስመሮች መንገድ መሪም ናቸው። አውሮፓውያን ተመራማሪዎች እጅግ ያረጀ በረዶ ቆፍረው ሊያወጡ ባሰቡ ጊዜ፣ በምሥራቅ አንታርክቲካ ሊትል ዶም ሲ የተባለውን ቦታ ለመምረጥ በራዳር መስመሮች ላይ ተደግፈዋል። መስመሮቹ ያልተሰበሩበት፣ ወደ ታችም ሳይቀልጡ የወረዱበት ቦታ ነው የተፈለገው። በጥር 2025 ቁፋሮው 2,800 ሜትር ደርሶ ከዐለቱ ጋር ተገናኘ፤ የወጣው በረዶም ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተነገረ። በውስጡ የታፈነው አየር የሰው ልጅ አሁን የያዘውን መልክ ሳይዝ በፊት የነፈሰ አየር ነው።

ወደ ታችኛው ወሰን፣ ወደ መሬቱ ስንደርስ አንድ ሙሉ አህጉር እናገኛለን። በምሥራቅ አንታርክቲካ መሃል ላይ በ1958 የሶቪየት ተመራማሪዎች በፈንጂ ንዝረት ሲለኩ፣ ከበረዶው ሥር ያልጠበቁት ተራራ ተነሣባቸው። በሶቪየቱ የጂኦፊዚክስ ሊቅ ስም ጋምቡርትሴቭ ተባለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008 እና በ2009 መካከል፣ ሰባት አገሮች በጋራ አውሮፕላን ልከው በራዳር ሲቃኙት፣ እንደ አልፕስ የተሳለ ጫፍና የጠለቀ ሸለቆ ያለው ሆኖ ተገኘ። ከላዩ ያለው በረዶ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ በዚያ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ተራራ እንዳለ የሚጠቁመው ምንም ነገር አያይም። ሌላም ነገር ታየ። በሸለቆዎቹ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ወደ ላይ ተገፍቶ ከበረዶው ሥር እንደገና ይረጋል፤ በረዶው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ያድጋል፤ የጥንቶቹን መስመሮችም ወደ ላይ ያጎብጣቸዋል።

ውኃ ከአራት ኪሎ ሜትር በረዶ በታች፣ በምድር ላይ ከተለካው ብርድ ሁሉ በጸናበት አገር? አዎን። ከምድር ሆድ የሚወጣው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ወፍራሙ በረዶ እንዳይባክን ይዞ ያቆየዋል፤ የክብደቱ ጫናም የመቅለጫውን መጠን ከዜሮ በታች ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። በ1967 በተጀመሩት የካምብሪጅ፣ የአሜሪካና የዴንማርክ የጋራ በረራዎች ላይ፣ አንዳንድ ቦታ የሚመለሰው ምልክት በድንገት ደማቅና ቀጥ ያለ ይሆን ነበር። በ1973 ጎርደን ኦስዋልድና ሮቢን 17 ሐይቆችን ቆጥረው አሳወቁ። ዛሬ ከ600 በላይ ይታወቃሉ። ትልቁ ቮስቶክ ነው፤ ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህላል። በላዩ ላይ ያለችው የሩሲያ ጣቢያ በሐምሌ 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የመዘገበችው ናት። የጣቢያዋ ሰዎች ምን ያህል እንደሚበርድ ለዓመታት ሲጽፉ፣ ከእግራቸው ሥር ያልረጋ ውኃ ተኝቶ ነበር። የሐይቁ ታላቅነት ለዓለም በይፋ የተነገረው በ1996 ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያመራምረኝ ግን በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው የካምብ የበረዶ ወንዝ ነው። እንደ ጎረቤቶቹ ፈጥኖ ወደ ባሕር የሚወርድ የበረዶ ጅረት ነበር። ዛሬ ገጹ የተስተካከለ፣ ጉዞው የቆመ ያህል ነው። ራዳር ግን ከአዲሱ በረዶ ሥር የተቀበሩ ስንጥቆችን አሳየ፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ደግሞ የሚፈጠረው በረዶው ሲሮጥና ሲጎተት ነው። ከስንጥቆቹ በላይ የተከመረው በረዶ ውፍረት ሲለካ፣ ጅረቱ የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ታወቀ። ሰው ገና የአንታርክቲካን መሃል ሳይረግጥ አንድ ታላቅ ጅረት ሮጦ፣ ቆሞ፣ ጠባሳውን ከድኖ ተቀመጠ። የዛሬ እርጋታው የትናንት ጠባዩን አይመሰክርም፤ የነገውንም ዋስትና አይሰጥም።

በረዶ የእኛን አገር ሳይነካ ያለፈ የሚመስለን ካለ፣ ድንጋዩ ሌላ ይናገራል። አፍሪካና አንታርክቲካ ጎንድዋና በተባለው ታላቅ አህጉር ውስጥ አንድ ላይ በነበሩበት ዘመን፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ትግራይ የምንለው መሬት በበረዶ ግግር ሥር ነበር። በእዳጋ ዓርቢ ስም የሚጠሩት የዐለት ንብርብሮች የዚያ በረዶ ትራፊ ናቸው፤ በረዶው እየጎተተ የፋቃቸውና ያለሰለሳቸው ጥንታውያን ዐለቶችም እዚያው ይገኛሉ። በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የበረዶ ግግር ነበር። ራዳር በአንታርክቲካ ሥር የሚፈልገውን ዓይነት መሬት፣ በረዶው ለቆት ስለሄደ፣ የትግራይ ገበሬ በእግሩ ይረግጠዋል። የአፍሪካ በረዶ ዛሬ በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ላይ ብቻ ቀርቷል። በኪሊማንጃሮ ሰሜናዊ የበረዶ ሜዳ ላይ ራዳር ያገኘው ከፍተኛ ውፍረት 50 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ራዳር የሚለካው የቀረውን ነው፤ ከዓመት ዓመትም የሚለካው እያነሰ ይሄዳል።

የመሬቱን ቅርጽ ማወቅ የጉጉት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በረራ ባልተደረገ ነበር። በረዶ በራሱ ክብደት ይፈሳል፤ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚፈስ በአብዛኛው የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ወጣ ገባ ዐለት ይይዘዋል፤ እርጥብ ጭቃ ያንሸራትተዋል። የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ አብዛኛው የተቀመጠው ከባሕር ወለል በታች ባለ መሬት ላይ ነው፤ በትዌይትስ የበረዶ ግግር ሥር ደግሞ መሬቱ ከባሕሩ ወደ አህጉሩ መሃል በተሄደ ቁጥር እየጠለቀ ይወርዳል። ሞቅ ያለ የባሕር ውኃ ጠርዙን እያቀለጠ ወደ ውስጥ በገፋው መጠን፣ በረዶው እየወፈረ፣ ወደ ባሕር የሚጣለውም እየበዛ ይመጣል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እዚህም ከላይ ሲታይ ሁሉም ነጭና ሰላም ነው፣ አደጋው ያለው በቁልቁለቱ አቅጣጫ ነው። ቁልቁለቱን ያሳየን ራዳር ነው። የአንታርክቲካ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር 58 ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ መሆኑም የታወቀው፣ ውፍረቱ በዚህ መንገድ ስለተለካ ነው።

በ1967 እና በ1979 መካከል በእነዚያ የጋራ በረራዎች የበረሩት ሰዎች ከ400,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መስመር በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ቀርጸዋል። ፊልሙ ለአሥርት ዓመታት በካምብሪጅ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ በኋላ የስታንፎርዱ ደስቲን ሽሮደርና የካምብሪጅ ባልደረቦቹ ለሲኒማ ፊልም በሚያገለግል ስካነር ወደ ዲጂታል ቀየሩት። አሮጌው መስመር ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ፣ የትዌይትስ ምሥራቃዊ ተንሳፋፊ የበረዶ መደብ በ1978 እና በ2009 መካከል ከ10 እስከ 33 በመቶ ሳስቶ ተገኘ። በሰባዎቹ ዓመታት በአውሮፕላኑ ውስጥ ፊልም እየቀየሩ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ሊያሳዩ አልተነሡም ነበር፤ የአህጉሩን ካርታ ሊነድፉ እንጂ። ጥያቄው ሳይወለድ መልሱን በታማኝነት መዝግበው አለፉ። ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለንን ልኬት በጥንቃቄ ማኖር፣ ገና ላልተወለደ ጠያቂ የሚደረግ ውለታ ነው።

ግሪንላንድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የአሜሪካ ጦር በ1959 ከበረዶው ሥር ካምፕ ሴንቸሪ የተባለ ሰፈር ቆፈረ፤ ዋሻዎቹ ለጥቂት ዓመታት መብራታቸውን የሚያገኙት ከኑክሌር ማመንጫ ነበር። ሰፈሩ በ1967 ሲለቀቅ ናፍጣውና ቆሻሻው እዚያው ተተወ፤ በረዶው ለዘላለም ሆድ ይፍጀው ይላል ተብሎ ነው። በሚያዝያ 2024 የናሳ አውሮፕላን የበረዶውን ወለል ሊቃኝ ሲያልፍ፣ ራዳሩ የተቀበረውን ሰፈር ዋሻ በዋሻ አሳየ። ከዚያው ሰፈር በ1966 ከ1,387 ሜትር ጥልቀት የወጣ የአፈር ናሙና ደግሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ ኖሮ፣ በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት የዕፅዋት ቅሪት እንዳለበት ታወቀ። ያ ቦታ ባለፉት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በረዶ አልባ ሆኖ ቅጠል አብቅሎ ነበር ማለት ነው። አፈሩ ለሃምሳ ዓመት መልሱን ይዞ በማቀዝቀዣው ውስጥ ቆየ። የጠፋው ጠያቂ ነበር።

እንግዲህ ዝምታ ብዙ ዓይነት መሆኑ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው የወጥነት ዝምታ ነው፤ በረዶው አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚመልሰው የለውም። ሁለተኛው የአቅም ማነስ ዝምታ ነው። በብዙ ቦታ ከዐለቱ በላይ ባለው ጥልቅ በረዶ ውስጥ ምንም መስመር የማይታይበት ንብርብር አለ፤ መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ከዚህ ባዶ ከተባለው ክፍል ውስጥ አንዳንዱ መስመር እንዳለው ታይቷል። በአንታርክቲካ ያለው የዴንማን የበረዶ ግግር ሸለቆም እንዲሁ ነው። እጅግ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ሞገዱ ከግራና ቀኝ ግድግዳው እየነጠረ ወለሉን ሸፈነው። ማቲዩ ሞርሊገምና ባልደረቦቹ በ2019 ሌላ መንገድ ያዙ፤ ወደ ሸለቆው የሚገባው በረዶ ከሚወጣው ጋር መመጣጠን አለበት ብለው ከፍጥነቱ ተነሥተው አሰሉ። ሸለቆው ከባሕር ወለል በታች 3,500 ሜትር ይወርዳል፤ በአህጉር ላይ ከሚታወቁት ሁሉ የጠለቀ ነው። ቀጥተኛ ጥያቄ ሲከሽፍ መልሱ ከአፈሳሰሱ ተገኘ።

ሦስተኛው ዝምታ ያልተጠየቀ ቦታ ዝምታ ነው፤ እጅግ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። የቀደሙትን የአንታርክቲካ የመሬት ካርታዎች ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አውሮፕላን ደጋግሞ በበረረበት ቦታ ካርታው ሻካራ ነው፤ ጫፍ፣ ሸለቆ፣ ገደል ይታይበታል። ማንም ባልበረረበት ቦታ ግን መሬቱ ለስላሳ ሜዳ ሆኖ ተሥሏል። እዚያ ሜዳ ስላለ አይደለም፤ በሁለት ሩቅ መስመሮች መካከል ቁጥር የሚሞላ ስሌት ከሜዳ በቀር ሌላ ነገር ስለማያውቅ ነው። ሻካራው የታወቀ፣ ለስላሳው ያልታወቀ ነው። በየጊዜው አዲስ በረራ ሲደረግ ካርታው ሸካራነቱን ይጨምራል፤ መሬቱ ግን የነበረው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የካርታ ጠባይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ችግር የለበትም የምንለው ሰፈር፣ ደህና ነው የምንለው ወንድም፣ ቅሬታ አልቀረበበትም የሚባል መሥሪያ ቤት፣ በሐሳባችን ካርታ ላይ ለስላሳ ሆኖ የተሣለው በእርግጥ ሜዳ ስለሆነ ነው ወይስ በዚያ በኩል በርረን ስለማናውቅ? ባይርድ ደህና ነኝ ሲል ጓዶቹ ቃሉን ተቀብለው ቢተኙ ኖሮ፣ የእርሱ ጎጆ በካርታቸው ላይ ለስላሳ ቦታ ሆና ትቀር ነበር።

የበረዶ ካርታ ሠሪዎች ለዚህ አንድ ሥርዓት አብጅተዋል። ዘመናዊዎቹ የመሬት ካርታዎች፣ ቤድማፕም ሆነ ቤድማሽን፣ ብቻቸውን አይወጡም። ለእያንዳንዱ ቦታ የተሰጠው ቁጥር በልኬት የተገኘ ይሁን በስሌት፣ ምን ያህልስ ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳይ መረጃ አብሮ ይታተማል። አንደኛው ካርታ የምናምነውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ለምን እንዳመንነው ይናገራል። ቀጣዩ አውሮፕላን ወዴት መብረር እንዳለበት የሚታወቀው ከሁለተኛው ነው። ስለ ሰውም ሆነ ስለ አገር ፍርድ ስንሰጥ ይህን ሁለተኛ ካርታ ከፍርዳችን ጎን ብናያይዝ፣ የሰማነውን ከገመትነው ብንለይ፣ የምናፍርበት ነገር የለም። በልበ ሙሉነት ሜዳ ብለን ከሣልነው ቦታ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ተራራው የሚነሣብን።